ለአማርኛ አራትን ይጫኑ

እህቴ ሥራ ልትጀምር ስትል የመኪናዋን ቁልፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ ታስቀምጣለች። ለማያውቅ ሰው የመዘንጋት ምልክት ይመስላል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ማቀዝቀዣው እየቆየ ይነሳና ያጉረመርማል፤ ማይክሮፎኑ ደግሞ ያንን ጉርምርምታ ከግድግዳ ማዶ ሆኖ ይለቅመዋል። ስለዚህ ቀረጻ ከመጀመሯ በፊት ሶኬቱን ትነቅላለች። ጨርሳ ስትወጣ መልሳ መሰካቱን ከረሳች ግን የሳምንቱ ወጥ ተበላሸ ማለት ነው። ቁልፉ እዚያ ውስጥ ካለ ማቀዝቀዣውን ሳትከፍት የትም አትሄድም፤ ስትከፍተው መብራቱ አይበራም፤ ያኔ ትዝ ይላታል። ዘዴውን እሷ አልፈለሰፈችውም፤ ቤታቸው ሆነው ድምፅ የሚቀርጹ ሰዎች ከአገር አገር የሚቀባበሉት ነው።

የምትሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ብዙም ባልራቀ አፓርታማ፣ የመኝታ ቤቷ ክሎዜት ውስጥ ነው። በሩ ሲዘጋ በሦስት በኩል ልብስ ነው፦ የክረምት ካፖርቶች፣ የሠርግና የጥምቀት ቀሚሶች፣ መደርደሪያው ላይ የታጠፉ ጋቢዎች። ጋቢ ድምፅ በመምጠጥ በኩል ለዚህ ሥራ ተብሎ ከሚሸጠው ስፖንጅ አያንስም። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ወፍራሙ ጋቢ ባይኖር ክፍሉ ስቱዲዮ አይባልም ነበር። ኮምፒውተሩ ማራገቢያው ስለሚጮህ ውጭ አልጋው ላይ ይቀራል፤ ሽቦው በበሩ ሥር ሾልኮ ይገባል። በጋ ላይ አየር ማቀዝቀዣው በጠፋ በሩብ ሰዓት ውስጥ ቦታው አያስቀምጥም። እሷ ግን ቆማ ነው የምታነበው። ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ድያፍራሙ ይታጠፋል፣ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል ትላለች።

"ማሙሽ፣ ስልክህን አጥፋ። ጃኬትህንም አውልቅ፤ ይንኮሻኮሻል።"

ሁለቱንም አደርጋለሁ። አረንጓዴ ፖም ትገምጣለች፤ ምራቅ ሲወፍር በቃላት መሀል "ጭቅ፣ ጭቅ" የሚል ድምፅ ይመጣል፣ የፖሙ ኮምጣጣነት ያቀጥነዋል። ቡና ከቀረጻ በኋላ ብቻ ነው፤ አፍ ያደርቃል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ሥራዋን በጠዋቱ ትጨርሳለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሆድ ከረፋዱ በኋላ የራሱን ንግግር ይጀምራልና፣ ማይክሮፎኑ ያንንም አይምርም። ከታች ግቢው ውስጥ ሰውየው የቅጠል መንፊያ ማሽኑን አስነሳ። እስኪጨርስ ጠበቅን። እህቴ አዲስ አበባ ሳለችም የጎረቤት አውራ ዶሮንና "ቆራሌው" የሚለውን ሰውዬ እንዲህ ትጠብቅ ነበር፤ እዚህ ጠላቷ የተለወጠው በሞተር ብቻ ነው።

በመጨረሻ በሩ ተዘጋ። በጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ ድምፅዋ መጣ፤ የእሷም ነው፣ የእሷም አይደለም። "ሐኪምዎን ለማነጋገር አንድን ይጫኑ። ቀጠሮ ለመያዝ ሁለትን ይጫኑ።"

ማስታወቂያ አይደለም፣ ፊልም አይደለም፣ ዜናም አይደለም። ስልክ ደውለን ሰው ይመጣል ብለን ስንጠብቅ የሚመጣብን ድምፅ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው በንዴት ነው፤ ከጀርባው ልብስ መሀል ቆማ ፖም የምትገምጥ ሴት አለች ብሎ የሚያስብ የለም።

ሙያው ግን ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። የፓሪስ የከዋክብት ጥናት ተቋም ዳይሬክተር የነበረው ኤርኔስት ኤስክላንጎን ሰዓት ለመጠየቅ የሚደውለው ሕዝብ የተቋሙን መስመር ስላጨናነቀበት የተቀረጸ የሰው ድምፅ ሰዓት እንዲነግር አደረገ። እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 1933 መስመሩ ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን 140,000 ያህል ሰው ደወለ፤ መልስ ያገኘው 20,000 ያህሉ ብቻ ነበር። ስልክ ደውሎ ማሽንን ማግኘት ከተጀመረበት ቀን ጀምሮ መስመሩ ተይዟል ማለት ነው። እንግሊዞች በ1936 የራሳቸውን ሲከፍቱ ድምፁን የመረጡት ከስልክ ኦፕሬተሮቻቸው መሀል በውድድር ነው፤ ያሸነፈችው ኤቴል ኬይን የተባለች ኦፕሬተር ናት። ፈረንሳዮቹም እንግሊዞቹም የተጠቀሙበት ብልሃት እስከ ዛሬ አልተለወጠም፦ ማንም ሰው በቀን ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቅጽበት አንብቦ አይጨርስም፤ ስለዚህ ሰዓቱ ለብቻ፣ ደቂቃው ለብቻ፣ ሰከንዱ ለብቻ ይቀረጻል፤ መገጣጠሙ የማሽኑ ሥራ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ጄን ባርብ የተባለች የአትላንታ ሴት ሰዓቱንና "የደወሉት ቁጥር አገልግሎት ላይ አይደለም" የሚለውን መልእክት ለዓመታት ተናግራለች። በ1963 የቤል ኩባንያ በፔንሲልቬኒያ ሁለት ከተሞች ቁልፉ ሲጫን ድምፅ የሚያወጣውን ስልክ ለደንበኞቹ ማቅረብ ሲጀምር ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከዚያ በፊት ማሽኑ ይናገራል፣ ሰው ይሰማል። ከዚያ በኋላ ሰውም በጣቱ መመለስ ቻለ። "አንድን ይጫኑ" የሚለው ቃል የተወለደው እዚህ ላይ ነው።

ሙያው ወደ ቤት የገባው ማይክሮፎንና ኮምፒውተር ሲረክሱ፣ ኢንተርኔትም ትልልቅ ፋይል መሸከም ሲችል ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሲያወሩ ሁለት ስም አይቀርም። አንዷ ካናዳዊቷ አሊሰን ስሚዝ ናት። በ1999 የተጀመረው አስተሪስክ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ማንኛውም ትንሽ ቢሮ የራሱን የስልክ ማዕከል በአንድ ኮምፒውተር እንዲያቆም አስቻለ፤ ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣው የእንግሊዝኛ ድምፅ የእሷ ነው፤ ስሟን የማያውቁ ቢሮዎች በዓለም ዙሪያ በድምፅዋ ስልክ ያነሳሉ።

ሁለተኛዋ ሱዛን ቤኔት ናት፤ የእሷ ታሪክ ቆም ተብሎ የሚሰማ ነው። በ1974 አትላንታ ውስጥ አንድ ባንክ የገንዘብ ማሽን ሲተክል ለማሽኑ ማስታወቂያ ድምፅ የሰጠችው እሷ ነበረች። በሐምሌ 2005 ደግሞ ቤቷ ባለው ስቱዲዮ ውስጥ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት፣ አንድ ወር ሙሉ ትርጉም የለሽ ዓረፍተ ነገሮች አነበበች። ዓላማው የእንግሊዝኛን የድምፅ ጥምረቶች በሙሉ መልቀም ነበር። ለኩባንያዎች የስልክ መልስ የሚውል መስሏት ነበር። በጥቅምት 2011 አዲሱ አይፎን "ሲሪ"ን ይዞ ሲወጣ አንድ የሙያ ጓደኛዋ "ይቺ አንቺ አይደለሽም?" ብሎ ጻፈላት። ሰማችው፤ ራሷ ናት። ለዚያ አገልግሎት ተብሎ የተከፈላት የለም፤ አፕልም ድምፁ የማን እንደሆነ አልተናገረም። እሷ ሁለት ዓመት ቆይታ በ2013 ለሲኤንኤን ተናገረች። እህቴ ይህን ታሪክ እንደ ተረት አትነግረኝም፤ ውል ስትፈርም እንደሚታሰባት ነገር ነው የምትነግረኝ።

አሁን ወደ አማርኛው ልምጣ፤ የኔም ነገር ያለው እዚያ ነው።

ስልክ ድምፅ ይቆርጣል። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ይሰማል፤ የቆየው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው። እህቴ በሰከንድ 48,000 ናሙና እየወሰደች ትቀርጻለች፤ ደንበኛው ጋ ሲደርስ 8,000 ይቀራል። አዳዲስ ስልኮች እርስ በርስ ሲደዋወሉ ሰፋ ያለውን ድምፅ ያሳልፋሉ፤ መልስ ሰጪ ማሽኖቹ ግን አብዛኞቹ አሁንም በአሮጌው ስፋት ላይ ናቸው። የሚቆረጠው ምንድን ነው ቢባል ከሁሉ በፊት "ስ" ነው። የ"ስ" ፉጨት አብዛኛው ጉልበቱ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ስለሆነ ውጭ ይቀራል።

እስቲ አሁን በአማርኛ ቁጠሩ። ሦስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ሠላሳ፣ ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ። ስልኩ የሚበላውን ፊደል ቁጥሮቻችን መግቢያ በራቸው ላይ አቁመውታል።

ይህን ችግር ያወቅነው ከእናታችን ነው። እናታችን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች፣ ጆሮዋ ትንሽ ደክሟል፣ ለእህቴ ደግሞ ከእሷ የተሻለ መፈተኛ የለም። ፋይሉን ለደንበኛው ከመላኳ በፊት ትደውልላትና ከኮምፒውተሩ ወደ ስልኩ ታሰማታለች።

"እማዬ፣ ስንት ዶላር አለ?"

"ስልሳ።"

"ሠላሳ ነው እኮ ያልኩት።"

"ታዲያ ሠላሳ በያ!"

እንደገና ቀረጸችው። "ላ"ን ትንሽ አስረዘመችው፤ እናታችን አሁንም ተጠራጠረች። በመጨረሻ እህቴ ሌላኛውን ቁጥር ለወጠችው። በአፏ ሁልጊዜ "ስልሳ" ነው የምትለው፤ ለስልክ ግን "ስድሳ" ብላ አነበበች። ሁለቱም አማርኛ ነው፤ "ድ" ግን ምላስ ጥርስ ሥር ገጭ ሲል መሀሉን ስለሚቆርጠው በጠባቡ መስመር ውስጥ እንኳ ከ"ሠላሳ" ጋር አይምታታም። እናታችን ወዲያው ለየችው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ እህቴ በምትቀርጻቸው ስልኮች ሁሉ 60 ስድሳ ነው። ይህንን ውሳኔ ያዘዛት የለም፣ የጠየቃትም የለም፣ የከፈላትም የለም።

መገጣጠሙ ሌላ ጣጣ አለው። ማሽኑ "አርባ ሁለት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም" እንዲል ሲፈለግ ቁርጥራጮቹን ይሰበስባል። በእንግሊዝኛ በዶላሩና በሳንቲሙ መሀል የሚገባው ማያያዣ ራሱን የቻለ ቃል ስለሆነ አንዴ ተቀርጾ በየቦታው ይገባል። የኛ "ከ" ግን ከቁጥሩ ጋር ተጣብቃ ነው የምትወጣው፤ ቁጥሩ በ"አ" ሲጀምር ጭራሽ ትዋጣለች። ከአምስት ስንል ካምስት፣ ከአስር ስንል ካስር ነው የሚሰማው። ለብቻዋ ተቀርጻ ስትገባ ማሽኑ የሚንተባተብ ይመስላል። ስለዚህ ለሳንቲሙ ከአንድ እስከ ዘጠና ዘጠኝ ያለው "ከ" ከፊቱ ተደርጎ እንደገና ይቀረጻል። ትእዛዙን የሰጡት ሰዎች ዋጋውን ያወጡት በእንግሊዝኛው ዝርዝር ስለሆነ ይህ ዙር እዚያ ውስጥ የለም።

ዜማውም አለ። ስልክ ቁጥር ስናነብ የመጀመሪያው አሃዝና የመጨረሻው በአንድ ዜማ አይወጡም፤ መጨረሻው ይወርዳል፣ መሀሉ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ስለዚህ አንዱ "ሰባት" ሦስት ጊዜ ይቀረጻል፦ ለመጀመሪያ፣ ለመሀል፣ ለመጨረሻ። አሰልቺው ክፍል ይሄ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግታ "ሰባት... ሰባት... ሰባት" የምትል ሴት በበሩ ሥር የሚሰማት ጎረቤት ምን እንደሚላት አላውቅም። በትናንትናው "ሰባት" እና በዛሬው መሀል የድምፅ ልዩነት እንዳይኖር ደግሞ የአፏን ከማይክሮፎኑ ርቀት በስንዝሯ ትለካለች። "ጠ"፣ "ጨ" እና "ጰ" ሲመጡ አንገቷን በትንሹ ወደ ጎን ታዞራለች፤ ፊት ለፊት ከተባሉ ይፈነዳሉ። ጳጉሜን ለአሜሪካ ክሊኒክ ስለማያስፈልግ ደስ ይላታል።

አንድ ነገር ግን ቋንቋችን በነፃ ሰጥቷታል። የስልክ ዝርዝር የሚነድፉ ሰዎች መጀመሪያ ጉዳዩ ይነገር፣ ቁጥሩ ቀጥሎ ይምጣ ይላሉ፤ ቁጥሩ ከቀደመ ሰሚው ጉዳዩን እስኪሰማ ቁጥሩን ይረሳዋል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ወትሮም እንዲያ ነው የሚያወራው፦ "ሂሳብዎን ለማወቅ ሦስትን ይጫኑ።" እርስዎ እያሉ መናገሩም ሴት ወይስ ወንድ ከሚል ጭንቀት ይገላግላል። ይህን ሁሉ የሚያበላሸው ከእንግሊዝኛው በቀጥታ የወረደው ጽሑፍ ነው፤ "ሦስትን ይጫኑ ሂሳብዎን ለማወቅ" ተብሎ ሲመጣ ያየሁት በዓይኔ ነው።

ጽሑፉ ከየት ይመጣል? የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ በ2004 ያወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉት ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ ወደሚናገረው ቋንቋ ዋና ዋና ጽሑፎቻቸውን እንዲተረጉሙ ያዛል። አማርኛ ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያም ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች አማርኛ ተናጋሪው ብዙ በሆነበት አካባቢ በራሳቸው መንገድ ይሠራሉ። ሥራው በእጅ አዙር ነው የሚያልፈው፦ መሥሪያ ቤቱ ለቋንቋ ድርጅት ይሰጣል፣ ድርጅቱ ለተርጓሚ፣ ተርጓሚው የጻፈው ለእህቴ። ተርጓሚው የሚያየው የቃላት ሰንጠረዥ ነው፤ ይህንን ሰው በጆሮው ይሰማዋል ብሎ የነገረው የለም። መስመር ላይ ይጠብቁ ለማለት "እባክዎ ይያዙ" ተብሎ ይመጣል። ምኑን?

ከሁሉ የከፋው ሰዓት ነው። አንድ ክሊኒክ የላከው ጽሑፍ "የሥራ ሰዓታችን ከጠዋቱ 9 እስከ ምሽቱ 5 ነው" ይላል። ለእናታችን ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። የእጅ ሰዓቷ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የሚሄደው፤ እሷ ግን ስድስት እየቀነሰች ነው የምታነበው፣ ሲነግሯትም እንደዚያው ነው የምትሰማው። ዘጠኝ ሲሏት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ምሽት አምስት ሰዓት ሲሏት ሰው ሁሉ ተኝቷል። "ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አስራ አንድ ሰዓት" ቢባል ደግሞ እዚህ ያደገ ልጅ ለእናቱ ብሎ ሲደውል በሌሊት ይከፈታል ብሎ ይስቃል። እህቴ ሦስት አማራጭ ጽፋ ላከችላቸው፤ እሷ የምትመርጠው "በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር" የሚል የሚጨመርበትን ነው፤ ይረዝማል፣ ግን ማንንም በተሳሳተ ሰዓት በር ላይ አያቆምም። ከድርጅቱ የመጣው መልስ አጭር ነበር፦ የጸደቀ ጽሑፍ ስለሆነ እንደተጻፈው ይነበብ። አነበበችው። ሁለተኛ ፋይል ደግሞ በራሷ ምርጫ ቀርጻ አብራ ላከችላቸው፤ የትኛውን እንዳስገቡት ያወቅነው እናታችን ስትደውል ነው። የመጀመሪያውን ነበር።

ክፍያው እንደ ሥራው ይለያያል፤ አንዳንዱ በቃል ይከፍላል፣ አንዳንዱ በመልእክት ብዛት፣ አንዳንዱ በተጠናቀቀ ሰዓት። ደንበኛው ሐሳቡን ለውጦ የሚያስደግመው ይከፈላል፤ እሷ ተሳስታ የምትደግመው አይከፈልም። ጽሑፉን ማቃናት ግን በየትኛውም ደረሰኝ ላይ መስመር የለውም። እኔ ከዚህ ሥራ የተረዳሁት ይህንን ነው፦ የሚከፍሏት ለጉሮሮዋ ነው፤ ሥራው የሚበላሸውም የሚቃናውም ግን በጆሮዋ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ እስከ ደዋዩ ባለው ሰንሰለት ውስጥ አማርኛውን ጮክ ብሎ የሚሰማው የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት፤ ከእሷ በኋላ ደግሞ የሚሰማው የታመመው ሰው ራሱ ነው።

ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ኢትዮጵያ ውስጥ የሆነውን ቢያስታውስ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የገበሬዎች የስልክ መስመር፣ 8028፣ አማርኛን፣ አፋን ኦሮሞንና ትግርኛን ይዞ ሲጀምር ሐሳቡ ማንበብ የማይችል ገበሬም ስለ ማዳበሪያና ስለ ዘር ምክር በጆሮው እንዲያገኝ ነበር። እዚያ ላይ "ሠላሳ" እና "ስልሳ" የኪሎ ጉዳይ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገር ውስጥ መግባቱ ሲነገር ደግሞ የስልክ መጥሪያው ድምፅ በእጅ መታጠብ ምክር ተተካ። ሰው ለዘመዱ በደወለ ቁጥር መጀመሪያ ምክሩን ሰማ፤ ሰለቸው፣ ቀለደበት፣ ግን በቃሉ ያዘው። እኔ ከዲሲ አካባቢ አጎቴ ጋ ስደውል እሱን ከማግኘቴ በፊት የማላውቃት ሴት ጤናዬን ስትመክረኝ ትዝ ይለኛል። በዚያ ሰሞን በአገሪቱ ውስጥ እንደ እሷ የተሰማ ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

አሁን ማሽኑ ራሱ አማርኛ ማንበብ ጀምሯል። ማይክሮሶፍት በሚሸጣቸው ሰው ሠራሽ ድምፆች ውስጥ ለአማርኛ ሁለት አሉት፤ ስማቸው መቅደስና አምሃ ነው። ሰምቻቸዋለሁ፤ የሚያሳፍሩ አይደሉም። ለአጭር መልእክት ብዙ ሰው ልዩነቱን አያውቅም። ማቀዝቀዣ አያስነቅሉም፣ አይጾሙም፣ የክሊኒኩ ሰዓት ሲቀየር ቁልፍ መጫን ይበቃል። ችግሩ የሚጀምረው ፊደላችን ዝም ያለበት ቦታ ላይ ነው። "ይሰጣል" የሚለው ቃል ጠብቆ ሲነበብ አገልግሎቱ ይሰጣል፣ ላልቶ ሲነበብ አንድ ሰው ይሰጣል፤ ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሰው ከዙሪያው ይረዳዋል፤ ማሽኑ አንዳንዴ ይረዳዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ በሙሉ ልብ ይሳሳታል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይህ እንኳ አይደለም፤ እየተሻሻለ ይሄዳል። የሚያሳስበኝ ማሽኑ "ከጠዋቱ 9" የሚለውን ሲያነብ ምንም የማይከብደው መሆኑ ነው። እህቴን ይከብዳታል።

ደንበኞቿም ይህንን ሳያውቁት የደረሱበት ይመስላል። በቅርቡ አንድ ድርጅት ማሽኑ ያነበበውን ፋይል ልኮ "አዳምጪና ስህተቱን ምልክት አድርጊልን" አላት፤ ክፍያው በሰዓት። በሰንጠረዥ ላይ ደቂቃና ሰከንድ እየጻፈች የላላውን ታጠብቃለች፣ የጠበቀውን ታላላለች። አንዳንዱ ስህተት ቃሉን አጣሞ በመጻፍ ይቃናል፤ ፊደሉን ስትደግመው ማሽኑ አጥብቆ ያነበዋል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁለቱንም ፊደል ነጣጥሎ ይጠራቸዋል። አንድ ቀን ሙሉ ማይክሮፎን ሳትነካ ዋለች። "ስለ ጆሮዬ ሲከፈለኝ የመጀመሪያዬ ነው" አለችኝ፤ ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት ከድምፅዋ መለየት አልቻልኩም፤ እሷ ድምፅዋን መቆጣጠር ታውቃለች።

የምትፈራው የራሷ ድምፅ ያለ እሷ መናገር እንዳይጀምር ነው። ካናዳዊቷ ቤቭ ስታንዲንግ እ.ኤ.አ. በ2018 ለትርጉም ሥራ ይውላል ተብላ የቀረጸችው ድምፅ ቲክቶክ ላይ ማንም የጻፈውን ሁሉ ሲያነብ ሰምታ በ2021 ከሰሰች፤ በዚያው ዓመት በስምምነት ተዘጋ፤ ቲክቶክም ድምፁን ቀየረ። በ2024 መጀመሪያ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ የፕሬዚዳንት ባይደንን ድምፅ የሚያስመስል ማሽን ለመራጮች ሲደውል ከተገኘ በኋላ የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን እንዲህ ያለው ድምፅ ያለ ፈቃድ በሚደረጉ የማሽን ጥሪዎች ላይ ሕገ ወጥ ነው ብሏል። ይህ ደዋዩን ይይዛል፤ ክሎዜት ውስጥ ሆና ውል የምትፈርመውን ግን የሚጠብቃት ውሉ ውስጥ ያለችው መስመር ናት።

ስለዚህ እህቴ አሁን በእያንዳንዱ ውል ላይ አንድ አንቀጽ ትጨምራለች፦ ቀረጻው ለተጠቀሰው የስልክ መስመር ብቻ ይውላል፣ ሰው ሠራሽ ድምፅ ለማሠልጠን አይውልም። ትልልቆቹ ድርጅቶች አይወዱትም። አንዱ ሌላውን ሁሉ ተቀብሎ ያቺን አንቀጽ ሰርዞ መለሰላት። መልሳ ጻፈችው። እንደገና ሰረዙት። ሦስተኛውን ልካ እየጠበቀች ነው።

በዚህ መሀል የክሊኒኩ ሰዎች ቅዳሜም መክፈት ስለጀመሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀየርልን ብለው ጽፈዋል። አዲሱን ጽሑፍ አንብቤላታለሁ። ከጠዋቱ 9 ይላል።